ሚዛን ካላችሁ ሳሙና መሥራት ትችላላችሁ

ሳሙና ለመሥራት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዘይት፣ ውሃ እና ካስቲክ ሶዳ የሚባለው የሚያቃጥል ኬሚካል። ሽታው፣ ቀለሙ፣ የሚያምረው ቅርጹ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሦስቱን በትክክል ከመዘናችሁ ሥራው አብዛኛው አለቀ ማለት ነው። ካልመዘናችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ብታሳምሩትም ዋጋ የለውም።

ይህን በደንብ የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። መጀመሪያ ስሞክር ሚዛን አልነበረኝም። ያገኘሁት አሠራር በኩባያና በማንኪያ የተሰፈረ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ሰፈርኩ። ሳሙናው ጠነከረ፤ ሲያዩት ያምራል። ስቆርጠው ግን እንደ ኖራ ፈረፈረ። እጄን ስታጠብበት ደግሞ ቆዳዬን ለበለበኝ። ካስቲኩ በዝቶ ነበር። ሙሉውን ጣልኩት። ያ ቀን በማንም ላይ እንዲደገም ስለማልፈልግ ከሚዛኑ እጀምራለሁ።

ኩባያ ለምን አይሆንም?

ካስቲክ ሶዳ አንዳንዱ ፍሬ ፍሬ፣ አንዳንዱ እንደ ቅርፊት ስስ፣ አንዳንዱ ዱቄት መሰል ሆኖ ይመጣል። አንድ ኩባያ ቅርፊትና አንድ ኩባያ ፍሬ ክብደታቸው በጣም ይለያያል። ኬሚስትሪው የሚያውቀው ክብደትን እንጂ የኩባያውን ልክ አይደለም።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የዘይት ሞለኪውል ሦስት ረጃጅም የቅባት አሲዶች በአንድ ግሊሰሪን ላይ ተያይዘው የተሠሩበት ነው። ካስቲክ ሶዳ ሲገባ ሦስቱን አሲዶች ከግሊሰሪኑ ይፈታቸዋል፤ የራሱንም ሶዲየም ያጣምርላቸዋል። እነዚህ የተጣመሩት ናቸው ሳሙና የሚባሉት። ግሊሰሪኑ ነጻ ወጥቶ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ቅባት ከቅባት አሲድና ከግሊሰሪን የተሠራ መሆኑን ያሳየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡዤን ሼቭሩል ነው፤ ጥናቱን ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1823 ነበር። ሰው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት ከአመድና ከቅባት ሳሙና ሲሠራ ኖሯል።

ብዙ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ «ካስቲክ ገብቶበት እንዴት ሰውነት ይታጠቡበታል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ በትክክል በተመዘነ ሳሙና ውስጥ ካስቲክ አይቀርም የሚል ነው። ሁሉም ከዘይቱ ጋር ተጣምሮ ያልቃል። የሚቀረው ሳሙና፣ ግሊሰሪን፣ ውሃና ትንሽ ትርፍ ዘይት ነው። ካስቲክ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ሂሳቡ ሲሳሳት ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ራሳችሁ መሥራት ቻሉ። ከማንም የተቀበላችሁትን አሠራር፣ የእኔንም ጭምር፣ ሳታሰሉ አትጠቀሙ።

ሂሳቡ

እያንዳንዱ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና ለመሆን የሚፈልገው የካስቲክ ልክ አለው። ለ1 ግራም ዘይት የሚያስፈልገው ካስቲክ ሶዳ በግራም ይህን ያህል ነው፦

ኮኮናት ዘይት 0.183
ፓልም ዘይት 0.141
የከብት ሞራ 0.140
ወይራ ዘይት 0.134
የሱፍ ዘይት 0.134
የጉሎ ዘይት 0.128
ሺአ ቅቤ 0.128

ኮኮናት ለምን ከሁሉም በለጠ? የቅባት አሲዶቹ አጫጭር ናቸው። አጭር ሲሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ ብዛታቸው ይጨምራል፤ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ የሚፈልጉት ሶዲየም ይበዛል። ለዚህ ነው «ወይራ ስላጣሁ በኮኮናት ተካሁት» ወይም በተቃራኒው ማድረግ የማይቻለው። በተለይ በኮኮናት ፋንታ ወይራ አስገብታችሁ የካስቲኩን መጠን ካልቀነሳችሁ የሚለበልብ ሳሙና ይወጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ዘይት ክብደት በራሱ ቁጥር ታባዛላችሁ፤ ትደምራላችሁ። ድምሩን በ0.95 ታባዛላችሁ። ያ መጨረሻው ነገር ከዘይቱ 5 ከመቶው ሳይለወጥ እንዲተርፍ ያደርጋል። ትርፉ ሁለት ጥቅም አለው። ቆዳን እንዳያደርቅ ይረዳል። ከዚያም በላይ መጠባበቂያ ነው፤ የዘይት ባሕርይ ከምርት ምርት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሚዛናችሁም በግማሽ ግራም ሊስት ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይህችን ሥሩ፦

ወይራ ዘይት 350 ግራም
ኮኮናት ዘይት 150 ግራም
ካስቲክ ሶዳ 70 ግራም
ውሃ 150 ግራም

አብረን እናረጋግጥ። 350 ሲባዛ በ0.134፣ 46.9 ይሆናል። 150 ሲባዛ በ0.183፣ 27.45። ድምሩ 74.35። በ0.95 ሲባዛ 70.6። ወደ ታች አጠጋግተን 70 አልን። ካስቲክ ሲጠጋጋ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ውሃው የካስቲኩ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚህ በታች ማድረግ ልምድ ላላቸው ይቆይ።

ለምን ሁለቱን ዘይቶች? ወይራ ብቻውን ለስላሳና ቆዳ የማይጎዳ ሳሙና ይሰጣል፤ አረፋው ግን ጥቂትና ሙልጭልጭ ያለ ነው። ኮኮናት ጠንካራና አረፋው የተትረፈረፈ ሳሙና ያወጣል፤ ብቻውን ግን ቆዳ ያደርቃል። ኮኮናቱ ከጠቅላላው ዘይት 30 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ቆዳችሁ በቀላሉ የሚደርቅ ከሆነ ወደ 20 ከመቶ አውርዱት፤ ሂሳቡንም እንደገና ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቢያንስ 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን። ለኬክና ለዳቦ የሚጠቀሙበት የኩሽና ሚዛን ይበቃል።

የማይዝግ ብረት ድስት። ለካስቲኩ ደግሞ ሙቀት የሚችል ጠንካራ የፕላስቲክ ጆግ፤ ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር 5 የተጻፈበት ጥሩ ነው። አሉሚኒየም ፈጽሞ አይሆንም። ካስቲክ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ ሲበላውም ተቀጣጣይ የሆነ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ብርጭቆም አልመክርም፤ ካስቲክ ውስጡን ቀስ በቀስ ስለሚቦረቡረው አንድ ቀን በድንገተኛው ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ማማሰያ፣ ወንፊት፣ ቴርሞሜትርና የእጅ ብሌንደር። ብሌንደሩ ከሌላችሁ በእጅ ማማሰል ይቻላል፤ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የብሌንደሩ ጫፍም አሉሚኒየም አለመሆኑን እዩ። ለሳሙና ያዋላችሁትን ዕቃ ለምግብ አትመልሱት።

ቅርጽ ማውጫ። ለ500 ግራም ዘይት አንድ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ውስጡን የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አልብሱት። የሲሊኮን ከሆነ ወረቀት አይፈልግም። የወተትና የጭማቂ ካርቶን የሚጠቀሙ አሉ፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ ግን አሉሚኒየም አለበትና ተዉት።

ካስቲኩን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ንጹህ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 98 ወይም 99 ከመቶ የሚል መሆን አለበት። የተዘጋ ቧንቧ ለመክፈት የሚሸጡ አንዳንድ ዕቃዎች ካስቲክ ቢኖርባቸውም የአሉሚኒየም ቁርጥራጭና ቀለም ይቀላቀልባቸዋል። ለሳሙና አይሆኑም። ካስቲክ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የተከፈተ ዕቃ ውስጥ የቆየው ይከብዳል፤ ያኔ ሚዛኑ ይዋሻል። ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ስሙን በጉልህ ጻፉበት፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት። ስኳር ወይም ጨው ሊመስል ይችላል፤ ይህን አትርሱ።

ውሃው ማዕድን የሌለበት ቢሆን ይሻላል። ለባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ማለት ነው፤ ምንም ያልተጨመረበት መሆኑን ግን አረጋግጡ። የቧንቧ ውሃም ይሠራል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ሊሠራ ይችላል።

ጥንቃቄው

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ካስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ዓይንን ከየአቅጣጫው የሚሸፍን መነጽር አድርጉ፤ የንባብ መነጽር አይተካውም። ረጅም የጎማ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ሽፍን ጫማ ልበሱ። መነጽሩና ጓንቱ የሚወልቁት ሳሙናው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ዕቃው ከተጠራረገ በኋላ ነው። «አበቃ» ብለው መነጽራቸውን ካወለቁ በኋላም አደጋ ሊደርስ ይችላል። ጥሬው ሳሙናም ያቃጥላል።

ልጆችና የቤት እንስሳት እዚያ ክፍል አይግቡ። መስኮት ክፈቱ። ስልካችሁን አርቁ፤ መሃል ላይ የሚያቋርጣችሁ ነገር አይኑር።

ቆዳ ላይ ከተፈናጠቀ ወዲያውኑ በብዙ የሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። የነካውንም ልብስ አውልቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቆቡን ከፍታችሁ ለ20 ደቂቃ እያፈሰሳችሁ እጠቡና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰው ከዋጠው እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ አፉን አጉመጥምጡትና በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቆዳ ላይ ኮምጣጤ አፍሱበት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አታድርጉት። ኮምጣጤ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ የውሃ ጊዜ ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሁሉንም ነገር መዝናችሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። ቅርጽ ማውጫውንም ወረቀት አልብሳችሁ አቅርቡ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚፈለግ ዕቃ መኖር የለበትም። ካስቲኩን ስትመዝኑ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ በደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ መዝኑት።

ቀጥሎ ካስቲኩን ወደ ውሃው ትጨምራላችሁ። ካስቲኩን ወደ ውሃው፤ በፍጹም ውሃውን ወደ ካስቲኩ አይሁን። ውሃ ካስቲክ ላይ ሲፈስ በቅጽበት ይፈላና ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ። ካስቲኩን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ውሃው እሳት ሳይነካው ከ80 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ እንፋሎትም ይወጣል። እንፋሎቱን አትሳቡ፤ ፊታችሁን መልሱ። ሁሉም ሟሙቶ ውሃው መልሶ ጥርት እስኪል አማስሉና ማንም በማይነካው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ለመቀዝቀዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

እስከዚያው ኮኮናት ዘይቱን በለስላሳ እሳት አሟሙት። ሲቀልጥ ከእሳት አውርዱትና ወይራውን ጨምሩበት። ወይራው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን ያወርድላችኋል። የካስቲኩ ውሃም ዘይቱም ከ38 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መካከል ሲደርሱ ጊዜው ነው። የግድ እኩል መሆን የለባቸውም፤ በጣም አይራራቁ እንጂ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የዕቃውን ውጫዊ ጎን በእጃችሁ ንኩ። ሳያቃጥል ሞቅ የሚል ከሆነ ደርሷል። ጣት ወደ ውስጥ አይገባም።

አሁን የካስቲኩን ውሃ በወንፊት አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ዘይቱ አፍስሱ። ብሌንደሩን ሳታስነሱ ወደ ውስጥ አስገቡትና ዘንበል አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ አስነሱ፤ አጥፉ፤ በራሱ በጠፋው ብሌንደር አማስሉ። እንደገና አስነሱ። ዝም ብላችሁ ያለማቋረጥ ካስኬዳችሁት ሳይታሰብ ይጠነክርባችኋል። ብሌንደሩ ሳይጠፋ ብቅ ካለ ደግሞ ይረጫል።

መጀመሪያ ዘይቱና ውሃው የተለያየ ቀለም ይኖራቸዋል፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ ክሬም ቀለም ይለወጣል። ከዚያ መወፈር ይጀምራል። ማማሰያውን አንሥታችሁ ስታንጠባጥቡት ጠብታው ወዲያው ካልሰመጠና ላዩ ላይ መስመር ከተወ ደርሷል። ሳሙና ሠሪዎች «ትሬስ» ይሉታል። ቀጭን የቂጣ ሊጥ ያህል ሲወፍር ማለት ነው። እዚህ ላይ ዘይቱና ካስቲኩ ተመልሰው አይለያዩም። በብሌንደር ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። አንድ መታለያ አለ፦ ኮኮናቱ ከቀዘቀዘ ራሱ ረግቶ ድብልቁን የወፈረ ያስመስለዋል። ትንሽ ቆይታችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ዘይት ብቅ ካለ ገና ነው ማለት ነው፤ ማማሰል ቀጥሉ።

ሽታ መጨመር ከፈለጋችሁ ጊዜው አሁን ነው። ለ500 ግራም ዘይት ከ10 እስከ 15 ግራም የላቬንደር ዘይት ይበቃል። ሁሉም የሽቶ ዘይት አንድ መጠን ስለማይፈቀድለት ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ። የሎሚና የብርቱካን ሽታ ቶሎ ይጠፋል። ልብስ ላይ የሚረጨውን ሽቶ ግን አትጠቀሙ፤ አልኮሉ ድብልቁን ድስቱ ውስጥ እንዳለ ሊያጋግረው ይችላል። ለሕፃንና ለሚቆጣ ቆዳ ምንም ባይገባበት እመርጣለሁ። በእውነቱ የመጀመሪያውን ሳሙናችሁን ያለ ምንም ሽታና ቀለም ሥሩት። ችግር ቢፈጠር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ወደ ቅርጽ ማውጫው ገልብጡት። አየሩ እንዲወጣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስቴ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ሸፍኑት፤ በፎጣ ጠቅልሉት። በሚቀጥሉት ሰዓቶች ራሱን ያሞቃል። መሃሉ ጠቆር ብሎ እንደ ቫዝሊን ሊያስተላልፍ ይችላል። አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ይመለሳል።

የቆሸሸውን ዕቃ ጓንታችሁን ሳታወልቁ በወረቀት ጠራርጉት። ከዚያ በማግስቱ እጠቡት። ዕቃው ላይ የቀረው ሁሉ ሳሙና ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ማጠቡም ይቀላል።

መቁረጥና መጠበቅ

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳሙናውን አውጡ። በጣት ሲጫኑት እንደ ጠንካራ አይብ ካልሆነና ከተጣበቀ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ወይራ የበዛበት ሳሙና ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ጓንት አድርጋችሁ በቀጭን ቢላዋ ወይም በተወጠረ ሽቦ ቁረጡት። ከዚህ መጠን ስድስት ወይም ሰባት ቁራጭ ይወጣል። ሳትዘገዩ ቁረጡ፤ ሳምንት ካለፈ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል።

አሁን ከሥራው ሁሉ የሚከብደው መጣ። ቁራጮቹን ሳይነካኩ አየር በሚገባበት፣ ፀሐይ በማይነካው መደርደሪያ ላይ አሰልፋችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። በየሳምንቱ አገላብጧቸው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ካስቲኩ እንዲያልቅ ይመስለዋል። ካስቲኩ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ አልቋል። የምንጠብቀው ውሃው እንዲተንና የሳሙናው ውስጣዊ አደራደር እንዲጠነክር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተጠቀማችሁበት ሳሙና ቶሎ ይሟሟል፤ አረፋውም ደካማ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ያው ቁራጭ ሌላ ሳሙና ይሆናል። እውነት ለመናገር ብዙ ጀማሪዎች «አልተሳካልኝም» የሚሉት ሳሙናው ገና ሳይደርስ ነው። አንዷን ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቷ መቀነሱን ሲያቆም ደርሳለች።

ከመጠቀም በፊት ፈትኑት። ሳሙናውን በጥቂት ውሃ አርጥባችሁ አረፋው ላይ የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን ወይም ካስቲክነትን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት) አሳርፉ። ከ9 እስከ 10 ከሆነ የሳሙና ጤናማ ባሕርይ ነው። 11ና ከዚያ በላይ ካሳየ አትጠቀሙበት። የድሮ ሠሪዎች የሚያደርጉት ሌላ መንገድ አለ፦ እርጥብ ጣትን ሳሙናው ላይ አሽተው በምላስ ጫፍ ለቅጽበት ይነኩታል። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ባትሪ ጫፍ ንዝር ካደረገ ካስቲክ ተርፏል ማለት ነው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ሳምንት ካለፈው በኋላ ይሁን።

ችግር ሲገጥም

ላዩ ላይ ነጭ አመድ መሰለ። ያልተጣመረ ካስቲክ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ሳሙናውን አይጎዳውም። በቢላዋ ላጡት ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በሚቀጥለው ጊዜ የሳሙናውን ፊት ወዲያው ሸፍኑት።

ድስቱ ውስጥ እንዳለ ድንገት ጠጠረ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቶው ነው። በማንኪያ እየጠቀጠቃችሁ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ክተቱት። ባያምርም ያጥባል።

ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ሳይወፍር ነው የገለበጣችሁት። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱና እንደገና በብሌንደር ምቱት።

ፈረፈረ፤ ውስጡም ነጫጭ ኪስ አለው። እኔን የገጠመኝ ይህ ነው። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ሚዛን እዩ። ምን ያህል ዘይት እንደጎደለ በቁጥር ካወቃችሁ ሳሙናውን ፍቃችሁ፣ በጥቂት ውሃ በለስላሳ እሳት አሟሙታችሁ የጎደለውን ዘይት መጨመር ይቻላል። ካላወቃችሁ ጣሉት። በግምት ለማዳን መሞከር ለቆዳ አይሆንም።

ከወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ወጣበት፤ የቆየ ዘይትም ሸተተ። ትርፉ ዘይት ኮምጥጧል። የሱፍ ዘይትን የመሳሰሉ ቶሎ የሚበላሹ ዘይቶች ሲበዙ የሚመጣ ነው። ከጠቅላላው ከ15 ከመቶ ባታሳልፏቸው ጥሩ ነው። አሮጌ ዘይትም አትጠቀሙ።

ሁለተኛውን ስትሠሩ

እዚህ ላይ ነው ደስታው የሚጀምረው። ለምሳሌ ሞራ ካላችሁ፦ ሞራ 250፣ ወይራ 150፣ ኮኮናት 100 ግራም። 250 በ0.140፣ 35 ይሆናል። 150 በ0.134፣ 20.1። 100 በ0.183፣ 18.3። ድምሩ 73.4፤ በ0.95 ሲባዛ 69.7። ስለዚህ ካስቲኩ 69 ግራም፣ ውሃው 145 ግራም። ጠንካራ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳሙና ነው። ሞራው ግን ቀድሞ ቀልጦ በደንብ የተጣራ ይሁን።

ጭማሪ ስታስቡ በትንሹ ጀምሩ። የደቀቀ አጃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቆዳን ለስለስ አድርጎ ያሻል። እርድ ቆንጠር አድርጋችሁ ብትጨምሩ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ማር አረፋ ይጨምራል፤ ስኳሩ ግን ሳሙናውን በጣም ስለሚያሞቀው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፉ፤ በፎጣም አትጠቅልሉት። ወተት የሚጠቀም ሰው በረዶ አድርጎ ካስቲኩን እላዩ ላይ ቀስ እያለ ይነሰንሳል፤ አለበለዚያ ያርራል። የአበባ ቅጠል ለዓይን ቢያምርም ውስጥ ሲገባ ቡናማ ይሆናል።

ካስቲክ መንካት የማይፈልግ ወይም ከልጆች ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው ተሠርቶ የሚሸጠውን የሚቀልጥ የሳሙና መሠረት ገዝቶ ማቅለጥ ይችላል። ቀለምና ሽታ ጨምሮ በሰዓታት ውስጥ ይጠቀምበታል። ፈሳሽ ሳሙና የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ዓይነት ካስቲክ ያስፈልገዋል፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። መጠኑም ከላይ ያለው ቁጥር በ1.4 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

አንድ ደብተር ለሳሙና ብቻ አውሉ። ቀኑን፣ እያንዳንዱን ክብደት፣ ሙቀቱን፣ ለመወፈር የወሰደበትን ጊዜ ጻፉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሠራችሁትን ማንም አያስታውስላችሁም።

የደረሰውን ሳሙና አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት፤ በፕላስቲክ አትሸጉት። አንድ ዓመት ገደማ በደህና ይቆያል። መታጠቢያ ቤት ሲገባ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይተኛ፤ ሥሩ ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ላይ ይሁን። መጨረሻ ላይ የምትቀረውን ስስ ቁራጭ አርጥባችሁ በአዲሱ ሳሙና ጀርባ ላይ ለጥፏት። በማግስቱ አንድ ይሆናሉ።